ኻኑም የሣሏት ፀሐይ

ከቅዳሜ ጀምሮ ዘሚራን ቤት አላስቀምጥ ብሏታል። ጠዋት ወደ ሞጣ መናኸሪያ ትወርዳለች፤ «ዛሬም የሚሄድ የለም» ትባላለች፤ ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ሻሿን አስተካክላ እንደ አዲስ ትወጣለች። መንገዱ ለምን እንደ ተዘጋ የሚጠይቅ ሰው ከቀረ ቆይቷል። የሚጠየቀው መቼ እንደሚከፈት ነው፤ እሱንም የሚያውቅ የለም። ማክሰኞ ዕለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው ጊዜ ትኬት ቆራጩ ከሩቅ ሲያያት ገና ሳትጠይቀው ራሱን ነቀነቀላት።

እናቷ ሀሲና ጨርቃ ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ምልልሷን ስታይ ቆየች።

«አንቺ ልጅ፣ ጫማሽ ያልቃል እንጂ መንገዱ በአንቺ እግር አይከፈትም» አለቻት። «እቃው ያለው ቢቸና ነው። ቢቸና ደግሞ የትም አይሄድም።»

«አውደ ርዕዩ ነው የሚሄደው፣ እማ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ይከፈታል።»

«ገና ዘጠኝ ቀን አለው።»

«ዘጠኝ ቀን ምን አላት!»

ሀሲና ልጇን አየቻት። ልጄን የያዛት የመንገድ ነገር ብቻ አይደለም ብላ ጠረጠረች፤ ግን ደንበኛ መጣና ጨርቅ ልትለካ ገባች።

እቃ የተባለው ሰባት የብር ጌጥ ነው። ስማቸው የፋርስ ቃል፣ መልካቸው የፋርስ ምድር አትክልትና ሰማይ። አናር የተባለው ጉትቻ ተሰንጥቆ ፍሬው የሚታይ ሮማን ነው። ባራን ማለት ዝናብ ነው፤ ከጆሮ እስከ ትከሻ የሚወርድ ቀጭን የብር ሽቦ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ የደላንታ ኦፓል እንደ ጠብታ የተንጠለጠለበት። ከሁሉም የሚበልጠው የአንገት ድሪው ነው፤ ዲር ሾድ ይባላል። ዘሚራ ስብስቡን በሙሉ የሰየመችው በእሱ ነው። ትርጉሙንም «የፀሐይ መጥለቅ» ብላ ጽፋ ለአውደ ርዕዩ ልካለች።

አዲስ አበባ ሴት ንድፍ አውጪዎችን አሰባስባ አውደ ርዕይ የምታዘጋጀው ብሩክታይት ሥዕሎቹን በስልክ ያየች ቀን «ከሞጣ የፋርስ ጌጥ! ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ብላ ጮኻ ነበር።

«ሻርጃ ስሠራ ቋንቋውን ለመድኩት» አለቻት ዘሚራ።

ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን ከዚያ ይረዝማል።

ሻርጃ የገባችው በሃያ አንድ ዓመቷ ነው። የተቀጠረችበት ቤት እመቤት ፋርዛኔ የሚባሉ የኢራኗ ሺራዝ ተወላጅ ነበሩ። ቤተሰቡ ሁሉ «ኻኑም» ይላቸዋል፤ እመቤት እንደ ማለት። ኻኑም በደህናው ዘመናቸው ወርቅ ነጋዴው ሁሉ በር እየጠበቀ ንድፍ የሚቀበላቸው ሴት ነበሩ አሉ። ዘሚራ ስትደርስ ግን ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው ከድቷቸዋል፤ ንግግራቸውም ከጥቂት ቃል በቀር ጠፍቷል።

ከሰዓት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋች ሰባተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ታወጣቸዋለች። በረንዳው ተክል ብቻ ነው። በበርሜል የበቀለች ሮማን፣ ያስሚን፣ አንዲት ትርንጎ። ኻኑም በግራ እጃቸው ይጠቁማሉ፤ ቃሉን ከብዙ ትግል በኋላ ያወጡታል፤ ዘሚራ ደግማ ካለችው በኋላ በተማሪ ደብተር ላይ በአማርኛ ፊደል ትጽፈዋለች። ማህ፣ ጨረቃ። ባርግ፣ ቅጠል። አንድ ቀን ኻኑም እርሳሱን ተቀበሏትና በግራ እጃቸው ቅጠል ለመሣል ሞከሩ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ዘሚራ እጇን በእጃቸው ላይ ደረበች። በዚያው ተጀመረ። በአምስት ዓመት ውስጥ ደብተሩ ሞላ፤ የትኛው መስመር የማን እንደ ሆነ ከሁለቱ በቀር የሚለይ አልነበረም።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ኻኑም እጃቸውን አንሥተው «ዲር ሾድ» ይላሉ። በየቀኑ። ዘሚራም የፀሐይ መጥለቅ ነው ብላ ጻፈች። የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ኻኑም ብቻቸውን ነው የሠሩት፤ ግማሿ የጠለቀች ፀሐይ ሣሉ፤ ከሥሯም በገዛ ፊደላቸው እነዚያኑ ሁለት ቃላት ጻፉ።

ኻኑም ሲሞቱ ልጆቻቸው ቤቱን ሊያነሡ መጡ። ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ብርጭቆው በጋዜጣ ተጠቀለለ፣ ተክሎቹን ጎረቤት ወሰዳቸው። የልጅ ልጃቸው ሮያ ከካናዳ የደረሰችው ከቀብሩ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። ምንም ነገር አልፈለገችም፤ ክፍል ለክፍል እየዞረች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «አያቴ የምትሥልበት ደብተር አልነበራትም?»

«አላየሁም» አለች ዘሚራ።

ደብተሩ በእሷው ሻንጣ ውስጥ ከልብሷ ሥር ነበር። ሮያ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታት «ካገኘሽው ደውዪልኝ» አለቻት። በሳምንቱ ዘሚራ ወደ አገሯ በረረች።

ይኸውና ሦስት ዓመት። ዓርብ ዕለት ብሩክታይት ደወለችና «ፋርስኛ የሚያውቁ እንግዶች ይኖራሉ፤ ብሮሹሩ ሳይታተም የስሞቹን ትርጉም ለሚያውቅ ሰው አሳዪልኝ» አለቻት። ዘሚራ ከሮያ በቀር ማንን ታውቃለች? ኢንተርኔት ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቅ ሲል፣ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አነሣችና ሁለቱም በሚችሉት ዐረብኛ «ሮያ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ብላ ላከች። ቃሉን በሌላ ወረቀት ገልብጣ መላክ ትችል ነበር። ለምን እንዳላደረገችው ራሷም አታውቅም። ወዲያው ኢንተርኔቱ ጠፋ። ከመልእክቱ ጎን የቀረችው አንዲት ምልክት ሁለት አልሆን አለች። ዘሚራም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ስልኳን በሰዓት አሥር ጊዜ ታያለች፤ ዞር ብላ ደግሞ እንደገና ታያለች። መልሱ እንዲመጣ ትፈልጋለች፤ እንዳይመጣም ትጸልያለች።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ባዶ በርሜል የጫነ አይሱዙ ሊሄድ ነው ሲባል ሰማች። ሮጠች። ሾፌሩ በመስኮት ቁልቁል አይቷት «እኅቴ፣ ደብረ ወርቅ እንደርስ እንደሆነ እንጂ ከዚያ ወዲያ እኔም አላውቅም» አለ።

«እስከ ደረስክበት አድርሰኝ።»

እናቷ ዳቦ በፌስታል ይዛ ደረሰችባትና በመስኮት አቀበለቻት። «አላህ ይከተልሽ። ስትደርሺ ደውዪ፤ ኔትወርክ ከሌለም በሰው ላኪ።» ዘሚራ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው። ደብተሩ ውስጡ ነው።

ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ኬላ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሙ። ዘሚራ ወርዳ መኪናውን ዞረችው፤ ገባች፤ እንደገና ወረደች። በመጨረሻ ይለፍ ተባሉ፤ ቢቸና የገቡት ከቀትር በኋላ ነው። ከገበያው ወዲያ ጌጦቹን ወደሚሠሩላት አንጥረኛ ቤት የሚወስደውን ኮረብታማ መንገድ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወጣችው።

አንጥረኛው አቶ ወልደ ኪዳን ይባላሉ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብተው፣ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጠው የአባታቸውን መዶሻ ያነሡ ሰው ናቸው። ዘሚራ ባለፈው ክረምት ሥዕሎቹን ይዛ መጀመሪያ ስትመጣ ዋጋ አልጠየቋትም።

«ጽሑፉ ምን ይላል?» ነበር ያሉት።

«የፋርስ ነው፣ ጋሼ።»

«የማን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። ምን ይላል? ወጣት ሆኜ አንድ ሰው በማላውቀው ፊደል የተጻፈ ነገር አምጥቶ የብር ክታብ ላይ አስቀረጸኝ። ለካ ጎረቤቱን ሊጎዳበት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ትርጉሙን ያልሰማሁትን ቃል በመዶሻ አልነካም።»

አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ሮማኑን፣ ዝናቡን፣ ጨረቃውን እየሰሙ አሳለፉ። የአምባሩ ተራ ሲደርስ «ይሄ ቶራንጅ ነው» አለቻቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ትርንጎ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ትርንጎ? የኛው ትርንጎ?»

«አዎ። እነሱ ቶራንጅ ይሉታል።»

«ቶራንጅ... ትርንጎ...» ሁለቱን ቃላት እያፈራረቁ ቀመሷቸው። «እንግዲያ ቃሉ በእግሩ እየተጓዘ እኛ ጓሮ ድረስ መጥቷል በዪኛ!» በማግስቱ ሰው ልከው ከየጁቤ ቆላ ትርንጎ አስመጡ፤ ያን ሸካራ ቅርፊቱን አምባሩ ላይ እስኪያወጡት ድረስም ሌላ ሥራ አልነኩም።

አሁን በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት።

«መንገዱ ለቀቀሽ? ተመስገን! ነዪ፣ ነዪ እዪ። ትናንት ጨረስኩት።»

ከነጭ ጨርቅ ውስጥ ድሪውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ግማሿ የጠለቀች ፀሐይ ደረት መሐል ታርፋለች፤ ጨረሮቿ እንደ ፈትል ከቀጠነ ብር የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ እኩል አይደለም። ከሥሯ ሁለቱ ቃላት እንደ ሐረግ ተሳስረው ባሕሩን ሠርተዋል። ወርቅ የተቀባው ፊደሎቹ ላይ ብቻ ነው። ዘሚራ ጎንበስ ብላ አየችው። የኻኑም እጅ መንቀጥቀጡ ሳይቀር ብሩ ላይ ነበር።

«መንቀጥቀጡን ትቼዋለሁ» አሉ አቶ ወልደ ኪዳን። «ማቃናት ይቻል ነበር። ስትጽፊው እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነበር መሰለኝ፤ እጅ እጅን ይምሰል ብዬ ተውኩት።»

የዘሚራ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ።

እዚህ ኢንተርኔት ነበር። ሦስት የድምፅ መልእክት፤ ሦስቱም ከሮያ። አቶ ወልደ ኪዳን ዐረብኛ ስለማይሰሙ እዚያው ቆማ ከፈተችው።

የመጀመሪያው ሳቅ ያለበት ነበር። «ዘሚራ! ስንት ዓመትሽ! ይሄማ ዲር ሾድ ነው፤ ዘገየ፣ ሰዓቱ ሄደ ማለት ነው። ፀሐይ ተሥሎበታል እንጂ ቃሉ ፀሐይ አይደለም። አያቴ ገና እንደ ታመመች፣ አንቺ ሳትመጪ፣ የምትለው እሱን ብቻ ነበር፤ መድኃኒቷ ሲዘገይ ዲር ሾድ፣ ሻይ ሲዘገይ ዲር ሾድ...»

ሁለተኛው አጭር ነው። ሳቁ ጠፍቷል። «ቆይ። ይሄ የአያቴ እጅ ጽሑፍ ነው።»

ሦስተኛው በትንፋሽ ይጀምራል። ከዚያ «ደውዪልኝ» ይላል።

ዘሚራ ከወናፉ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሣች።

«ምን ሰማሽ?» አሉ አቶ ወልደ ኪዳን።

«ጋሼ... ቃሉ የፀሐይ መጥለቅ አይደለም። ዘገየ ማለት ነው።»

ሽማግሌው ድሪውን አዩት፤ እሷን አዩዋት። «ምን ይላል ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«የማውቀውን ነው የነገርኩዎ። ወላሂ! እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።»

«መሳሳት ያለ ነው። በዚህ እንዲህ አትሆኚም። ሌላ ምን አለ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ነገር ዘሚራ ለእኒያ ሽማግሌ ዘከዘከችው። ስለ በረንዳው፣ ስለ እጅ በእጅ መሣሉ፣ ስለ ሻንጣው። «አላየሁም» ማለቷንም ጭምር። ስትጨርስ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አቶ ወልደ ኪዳን አልነኩትም።

«ሰጥተውሽ ነው ወይስ ወስደሽ?»

«ወስጄ።»

«እንግዲያ ይሄ ሁሉ...» እጃቸውን በጌጦቹ ላይ አንዣበቡ፤ ቃሉን ግን አልጨረሱትም። «የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ልጄ። ይሄን እኔ አንጥረኛው ለአንቺ መንገር አልነበረብኝም።»

«ግማሹ የኔ ነው፣ ጋሼ! ግማሹን መስመር እኔ ነኝ...»

«ግማሹ ያንቺ ከሆነ ግማሹ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ ማለት ነው።» ጨርቁን ሰብስበው ጌጦቹን ሸፈኑ። «ደውዪላት። እዚሁ፣ እኔ ፊት። ከበሩ ከወጣሽ ልብሽ ይለወጣል።»

ደወለች። ሮያ በሁለተኛው ጥሪ አነሣችው።

«ዘሚራ። ደብተሩ አንቺ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«ያኔ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል። ዋሸሁሽ።»

በሮያ በኩል አንድ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ይሰማል። «ለምን?» አለች።

«ሁሉም ሲካፈል አየሁ። አምስት ዓመት እጇን ይዤ ነበር፤ እሱ ለኔ የደረሰኝ መሰለኝ። ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር እኮ!»

«አላወቅሁም።»

«አልጠየቅሽኝማ!» ሮያ ጮኸች። አቶ ወልደ ኪዳን ቋንቋውን ባይሰሙም ጩኸቱን ሰምተው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የሮያ ድምፅ ዝቅ አለ። «እስኪ ንገሪኝ። መጨረሻዋ ላይ ይሄን ቃል መቼ መቼ ነበር የምትለው?»

ይህን ጥያቄ ዘሚራ አልጠበቀችውም። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ነገሩ ድንገት ተገለጠላት። በመጨረሻው ሳምንት ኻኑም በረንዳ መውጣት እምቢ ብለው ነበር። አልጋቸው ወደ በሩ እንዲዞር በእጃቸው አመለከቱ። በሩን እያዩ ዲር ሾድ ይላሉ፤ በጠዋትም፣ በቀትርም። በጠዋት ፀሐይ ጠለቀች የሚሉ መስሏት፣ አእምሯቸው ደከመ ብላ አዝና ነበር።

መዋሸት ትችል ነበር። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ነው ብትል ማን ያውቅባታል? ስልኩን በሌላኛው እጇ ያዘችው። ሽማግሌውን አየች።

«በሩን እያየች ነበር» አለች። «ጠዋትም ትለው ነበር። እኔ አልገባኝም፤ ስለ ፀሐይ የምትናገር መስሎኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ይቅር በዪኝ፣ ሮያ። ቢገባኝ ኖሮ አስደውዬ አስጠራሽ ነበር።»

ሮያ አለቀሰች። ዘሚራ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ጠበቀች። «ፈተና ነበረብኝ» አለች ሮያ በመጨረሻ። «መምጣቴን በሳምንት አራዘምኩት። አንዲት ሳምንት።» ተናፈጠች። «ደብተሩን ላኪልኝ። ዋናውን፤ ፎቶ አልፈልግም።»

«እልካለሁ።»

«በጌጦቹ ላይ ስሟን ጻፊ።»

«ከስሜ አስቀድሜ እጽፋለሁ። ይሄ ቃል ያለበት ድሪ ደግሞ ያንቺ ነው። አይሸጥም።»

«እሱን ሳየው እነግርሻለሁ» አለች ሮያና ዘጋችው። ይቅርታውን ሰጠቻት አይባል፣ ነፈገቻትም አይባል።

ዘሚራ የተባባሉትን ለአቶ ወልደ ኪዳን ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ድሪው ጠቆመች። «ቃሉን ይፋቁልኝ፣ ጋሼ። ለፀሐይ መጥለቅ ሌላ ቃል ይኖራቸዋል፤ እጠይቃታለሁ።»

«ክፉ ቃል ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ለምን እፍቀዋለሁ? የተናገሩት እሳቸው፣ የጻፉት እሳቸው።» ፊደሎቹን ሲያዩ ቆዩና ዓይናቸው ጠበብ አለ። «ቆይ እስቲ። አሁን አንቺ ጎረቤት ቁጭ ብለሽ ሰዓቱ ሲሄድብሽ ምን ትያለሽ?»

«መሸ፣ ልሂድ እላለሁ።»

«ፀሐይዋስ ስትጠልቅ?»

«መሸ...» አለችና ቆመች።

«እኛስ መሸ ስንል ፀሐይዋን ነው ሰዓቱን?» አቶ ወልደ ኪዳን ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ሙሉ ስሕተት አልተሳሳትሽም በዪኝ። መሸ ብለሽ ጻፊው። ሰው በፈለገው በኩል ይስማው።»

ዘሚራ እያለቀሰች ሳቀች። ሁሉ ነገር ግን አልቀለላትም፤ ወደ በሩ የዞረችው አልጋ ከፊቷ አልሄድ አለች። እጇ ሥራ ሲፈልግ ጊዜ ለብሩክታይት ደወለች።

«ስሞቹን ልቀይር ነው።»

«ዘሚራ! ብሮሹሩ ነገ እኮ ማተሚያ ቤት ይገባል!»

«ለዚህ ነው ዛሬ የደወልኩት። ጻፊ። ንድፍ፣ ፋርዛኔ ኻኑም እና ዘሚራ ሙሐመድሸሪፍ። የስብስቡ ስም ዲር ሾድ፤ ትርጉሙ መሸ። የብር ሥራ...» ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። እስካሁን የእሳቸውንም ስም የትም እንዳልጻፈች ያን ጊዜ ገና ትዝ አላት፤ ፊቷ ጋለ። «ጋሼ፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ልጽፈው ነው።»

አቶ ወልደ ኪዳን መዶሻውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ፍቅረ ሥላሴ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ሥላሴ ሲባል በንጉሡ ሠ ነው፤ በእሳቱ ሰ እንዳይጽፉብኝ» አሉ።

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ቀናት የሆነውን ሁሉ መዘርዘር ረጅም ነው። መኪና ተገኘ ሲባል ይቀራል፣ ቀረ ሲባል ይመጣል። ዘሚራ የአቶ ወልደ ኪዳን ሚስት እማማ ይርጋነሽ ቤት አምስት ሌሊት አደረች። ሙስሊም እንግዳችን በእኛ ቢላ የታረደ ሥጋ አትበላም ብለው በየቀኑ ሽሮና ዕንቁላል እየሠሩ፣ «ምነው አትቀመጪም፣ ልጄ? ወለሉን ልታሳሺው ነው» እያሉ አስተናገዷት። ሰኞ ማለዳ ሚኒባስ ወጣ። ደጀን አልፈው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ጆሮዋ ተደፈነ፤ ከድልድዩ በፊት ለፍተሻ ተሰለፉ። ፈታሹ ጎልማሳ ሰው ነው፤ የጌጦቹን ሣጥን አስከፍቷት ጨርቁን በጣቱ ገለጥ ሲያደርግ ፀሐይ ብሩ ላይ አረፈችበትና ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ የማን ነው?»

«ንድፉን ያወጡት ፋርዛኔ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ ሞተዋል። ብሩን የሠሩት የቢቸናው አቶ ወልደ ኪዳን ናቸው።»

«አንቺስ?»

ዘሚራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትፈራ ነበር። ሲመጣ ግን ቀለላት። «እኔ ከሴትዮዋ ጋር ሣልኩት» አለች። ሰውዬው ጨርቁን ራሱ መልሶ ሸፈነላት።

አውደ ርዕዩ አራት ቀን ቆየ። የትርንጎው አምባርና የሮማኑ ጉትቻ በመጀመሪያው ቀን ተሸጡ። አንዲት ሴትዮ ለድሪው ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ዘሚራ ሦስቱንም ጊዜ «ባለቤት አለው» አለቻት። ከፋርስኛ ተናጋሪዎቹ እንግዶች አንዱ፣ ሽበታም ሰው፣ ጽሑፉን በሹክሹክታ አነበበው፤ ከሥሩ «መሸ» የሚለውን በአስተርጓሚ ጠየቀና ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሌላው ጌጥ አለፈ። ዘሚራ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ስታሰላስል ዋለች።

ደብተሩን በፈጣን ፖስታ የላከችው በሁለተኛው ቀን ነው። ከመላኳ በፊት የእያንዳንዱን ገጽ ቅጂ ልታስቀር አስባ ነበር፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ቆመች። ዘጋችውና ሰጠች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዛት፤ ቢጠፋስ? ዝናብ ቢያገኘውስ? ባረፈችበት ቤት በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል አጎቷ «ይቺ ልጅ ሞጣም እንዲህ ናት?» ብለው ለሀሲና ደወሉላት።

ወደ አገር ቤት ስትመለስ ለአቶ ወልደ ኪዳን የሆነውን ልትነግር ቢቸና ለመውረድ አስባለች። አውቶቡሱ የዓባይን ዳገት ጨርሶ ደጀን ሲገባ ስልኳ ጮኸ። ሮያ ነበረች፤ በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ። «ደረሰኝ።»

ዘሚራ ደጋግማ አነበበችው። ከሱ ሥር ሌላ የሚመጣ ነገር ካለ ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ቦርሳውን አቀፈችው፤ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

ትከሻዋን የነካት ረዳቱ ነበር። አውቶቡሱ ቆሟል፤ ሰው እየወረደ ነው።

«እኅት፣ የት ነበር መውረጃሽ?»

«ቢቸና።»

«ቢቸና?» ሳቀ። «ቢቸናንማ ካለፍን አንድ ሰዓት ሆነን። የቢቸና ወራጅ ብለን ስንጮህ ምንም አልሰማሽም። ደብረ ወርቅ ነው ይሄ!»

ዘሚራ ዓይኗን አሸችና ተነሣች። ጉንጯ ላይ የመስኮቱ ጎማ ሰምበር አውጥቷል። ወርዳ መንገዱን ተሻገረችና ወደ ቢቸና የሚመልሳት መኪና መፈለግ ጀመረች።